ስመ ክርስትናም ይጻፍ?

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሕይወት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፋ ቤቴ መጣች። እዚሁ ጎንደር ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የከበዳትን ሁሉ ይዛ የምትመጣው ወደ እኔ ነው፤ የምትመጣው ደግሞ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። ሽሮዬን ጥርግ አድርጋ ከበላች በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

«እታለም፣ እስኪ እይልኝ። ራሳችሁን ገምግሙ ብዬ ቅጽ አደልኋቸው። ዐምሳ ስድስት ተማሪ አለኝ፤ ዐምሳ ስድስቱም ‹በጣም ጥሩ› ላይ ራይት አድርገው መለሱልኝ። ባለፈው ፈተና ዜሮ ያገኘው ልጅ ሳይቀር!»

ሳቄ አመለጠኝ። ሕይወት ኩርፊያ ይቀናታል፤ ከንፈሯን ጣለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«የኔዎቹ ትዝ ብለውኝ ነው» አልኋት። «እነሱ ደግሞ ጥፋታቸውን ዘርዝረው ዘርዝረው ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነበር።»

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥሩ አስተማሪ ነበርሁ፤ ይህን ለማለት አላፍርም፣ ሌላ ሰው እስኪልልኝም አልጠብቅም። ጥሩ የሆንሁት ግን አንድ ትልቅ ሞኝነት ከሠራሁ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ለሕይወት የነገርኋትን ነው አሁን የምጽፈው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ወገራ ተመደብሁ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት። የጎንደር ልጅ ስለሆንሁ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር። የወገራን ጠዋት ሳየው ግን ምንም እንደማላውቅ ገባኝ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል፣ ጠመኔ የያዘ ጣት አይታጠፍም። ምግቡ ገብስና ድንች፣ ባቄላና ሽሮ ነው። ከገበያ ቀን በቀር መኪና የሚባል አይታይም። የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ ሲሆን፣ በብረት ሲመታ ድምፁ እስከ ማዶው መንደር ይሰማ ነበር።

ርእሰ መምህራችን ጋሽ አስማረ ይባላሉ። ቀጥ ያሉ፣ ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ከማንም አንዲት እንቁላል በስጦታ የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። «ፈተና ማለት ወረቀት፣ ሰዓትና ዝምታ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ክረምት ጎንደር ላይ የአሥር ቀን ሥልጠና ወስጄ የመጣሁ፣ አዲስ ዘዴ የሞላብኝ ልጅ ነኝ። አሠልጣኛችን ተማሪ በአፉም፣ በእጁም፣ በሥራውም ይመዘን፤ ከሁሉ በላይ ራሱን ይመዝን ብሎናል። እውነቱን ነበር። የት፣ ለማን፣ በምን ቃል እንደሚነገር ግን አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር የማስተምረው። በየዓመቱ አንደኛ የሚወጣው አበጀ የሚባል፣ መጀመሪያ የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ሩቅ ናቸው፤ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቶ ነው የሚማር። ቅዳሜ ከቤቱ የሚያመጣው በሶና ቂጣ ቢበዛ እስከ ረቡዕ ይደርሳል። ከጎኑ የምትቀመጠው ማሬ የአያ ተገኘ ልጅ ናት፤ አያ ተገኘ የዚያው ቀበሌ ገበሬ፣ ልጃቸውን ለማስተማር ከዘመድ ጋር የተጣሉ ሰው ናቸው። ማሬ ሐሙስና ዓርብ በነጠላዋ ጫፍ ዳቦ ቋጥራ ትመጣና ግማሹን ቆርሳ በዴስኩ ሥር ለአበጀ ታቀብለዋለች። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ማሬ ሁለተኛ ወጣች፤ አያ ተገኘም ገበያ ላይ ላገኙት ሁሉ ተናገሩ።

የሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ለአርባ ሦስቱም ተማሪዎች ቁራጭ ቁራጭ ወረቀት አደልሁ።

«ዛሬ ፈተና የለም» አልኋቸው። «ራሳችሁን መርምሩ። የጎደላችሁንና ያቃታችሁን ሳትደብቁ ጻፉ። አልቆጣም፤ ማርክም አልቀንስም። ከእኔ በቀር ማንም አያየውም።»

ዛሬ ሳስበው፣ ከተናገርሁት ውስጥ የንስሐ አባት የማይለው ነገር ቢኖር ስለ ማርኩ ያልሁት ብቻ ነው። ወቅቱ ደግሞ ጾም። እኔ ግን የማስበው ስለ ክፍልፋይና ስለ ስፋት ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስመ ክርስትናም ይጻፍ?»

ለመዝገብ መስሎት ነው ብዬ አሰብሁ። «ደስ ካላችሁ ጻፉ» አልሁ።

ጻፉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ ወንዶቹ በክንዳቸው ከልለው ጻፉ። አንዷ ወረቀቷን ስትሰጠኝ አጎንብሳ እጄን ልትስም ቃጣት። እኔ ሞኟ ይህን ሁሉ እያየሁ «ዘዴው ሠራ!» እያልሁ በልቤ እኩራራ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የአከራዬ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ፣ ቆሎዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። «ሰዓት ሳይደርስ ቆሎ ቅሜአለሁ።» «እናቴን በሆዴ ረግሜአለሁ።» «የሰው ባቄላ ማሳ ገብቼ እሸት በልቻለሁ፤ ሁለት ቀን ነው፤ አይ፣ ሦስት።» አንድ ሁለት እያልሁ ስቀጥል መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ ቀጥሎ በሳቅ ሞትሁ፣ ከዚያ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ስም ስለማልጠራ አሁንም ቃሌን አላፈረስሁም። ከአርባ ሦስቱ ውስጥ የጠየቅሁትን የመለሰልኝ አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ በየድግሱ እየሳቀ ራሱ ያወራዋል። «ክፍልፋይ አይገባኝም። ኃጢአት ከሆነ ይፍቱኝ» ይላል።

ከታች በኩል ሁለት ወረቀቶች ተከታትለው ወጡ፤ እነዚህን ባለቤቶቻቸው ኋላ ራሳቸው አውጥተዋቸዋል።

«ሁለተኛ የወጣሁት በራሴ አይደለም፤ ከአበጀ ቀድቼ ነው። የለመንሁት እኔ ነኝ። እሱን አይንኩብኝ። ማሬ፣ ወለተ ማርያም።»

«ለማሬ መልስ አሳይቻለሁ። እሷ አልለመነችኝም፤ ዳቦዋን ስለምታካፍለኝ እኔው ወረቀቴን አስጠጋሁላት። ቅጣቱ ለእኔ ይሁን። አበጀ፣ ኃይለ ሚካኤል።»

በትምህርት ቤቱ ደንብ የኮረጀም ያስኮረጀም ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በዚያ አገር ደግሞ አንድ ዓመት የታገደ ልጅ ተመልሶ አይመጣም፤ ወንዱን እርሻ፣ ሴቷን ትዳር ይወስዳቸዋል። ማን ለመነ ማን አስጠጋ የሚለውን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

ማንበቤን ያቆምሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። እኔ አውቅ ነበር። ጥር ላይ ፈተናውን ሳርም ሁለቱ ልጆች አንዱን ጥያቄ በአንድ ዓይነት፣ ለመሳሳት እንኳ በሚያስቸግር መንገድ ተሳስተው አገኘሁት። ብዕሬን አንሥቼ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ሁለቱንም አርሜ አለፍሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበርና ብዙ ልጅ ያሳለፈች መምህርት መባል አማረኝ።

ሰኞ ጠዋት ቄስ አዳነ መቋሚያቸውን እየተከሉ ትምህርት ቤት መጡ። የመንደሩ ግማሽ የንስሐ ልጃቸው ነው። ወላጆች ጾሙ ሳይገፋ ልጆቻቸውን ወደ እሳቸው ሲልኩ፣ ልጆቹ «እኛማ ለቲቸር ተናዝዘናል» ብለው እምቢ ብለዋል። ጋሽ አስማረ ቢሮ አስጠሩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ክህነቱን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ ቄስ አዳነ በቁጣ።

የሒሳብ ምዘና መሆኑን እየተንተባተብሁ አስረዳሁ። ቄሱ አልገባቸውም። ጋሽ አስማረ ግን ስለ ወረቀቱ ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ።

«ስምንተኛ ክፍል ውስጥ መኮራረጅ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ ውስጥ የጻፈ አለ?»

«ለትምህርት ነው የሰበሰብሁት፣ ጋሼ» ብዬ ጥያቄውን ዘለልሁት።

«ትምህርት ቤት ውስጥ የተሰበሰበ ወረቀት የትምህርት ቤቱ ነው። ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጥ።»

«ጋሼ፣ ማንም አያየውም ብዬ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።»

«በማን ሥልጣን? ገና የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም። ካላመጣሽ ለወረዳ እጽፋለሁ።»

ከቢሮ ስወጣ ቄስ አዳነ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። እንደገና ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ድምፃቸው ግን በርዶ ነበር።

«ለልጆቹ ምን አልሻቸው?»

«ከእኔ በቀር ማንም አያየውም ነው ያልሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያማ ሰምተሻል። ሳይፈቀድልሽም ቢሆን ሰምተሻል። የሰማ አይናገርም።» መቋሚያቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። «ቀኖናስ ሰጠሻቸው?»

«ቀኖና?»

«ሰው ተናዝዞ ዝም አይባልም እኮ፤ ይህን ያህል ስገድ፣ የወሰድኸውን መልስ፣ ያስቀየምኸውን ካስ ይባላል። አንች የልጆቹን ሸክም አስፈትተሽ መንገድ ላይ ጥለሻቸው ሄድሽ። የጾሙንና የባቄላውን ወደ እኔ ስደጃቸው። የትምህርቱ ግን የራስሽ ነው፤ በእሱ አልገባብሽም።»

ሠልጥኜ ከወጣሁበት ተቋም እስከ ዛሬ ከተካፈልሁት ስብሰባ ሁሉ፣ ስለ ምዘና እንደዚህ ያለ ነገር የነገረኝ የለም። ተማሪ «ይህ አይገባኝም» ብሎ ከጻፈ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው፣ መጻፉ ለምን ይጠቅመዋል? እንዲያውም አፍሮ ይቀራል።

ማክሰኞ ቸርኬው ሳይደወል ክፍል ገባሁ። ወረቀቶቹን እንደታጠፉ ለየባለቤታቸው መለስሁ። «የጾምና የቤት ጉዳይ የጻፋችሁ አባ አዳነ ጋ ሂዱ» አልሁ። «የትምህርት ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ ከሥሩ ቀኖናችሁን ጻፉ፤ ጉድለታችሁን ምን አድርጋችሁ እንደምታቃኑት።» ቀጥሎ ወደ ሰሌዳው ዞርሁና የራሴን ጻፍሁ።

«ጥር ላይ ፈተና ሳርም ኩረጃ አየሁ። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍሁ። ጎበዝ መምህርት ልባል ፈልጌ ነው።»

ጠመኔውን አስቀምጬ ስዞር ወረቀቱን ፍለጋ የመጡት ጋሽ አስማረ በሩ ላይ ቆመው ያነባሉ።

ገና ሳይጠይቁ አበጀ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ ጋሼ፤ ያሳየሁ እኔ ነኝ።» ማሬ ነጠላዋን ይዛ ተነሣች። «ውሸቱን ነው! ለምኘው ነው!» ሁለቱ ልጆች በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋቱ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው እያሉ ይከራከሩ ጀመር። እኔ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ ጋሽ አስማረ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልጠነከረም።

«ደንቡ ከእኔ ይጀምር» አልሁ። «ያወቅሁና ዝም ያልሁ እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ። ማሬ ያን ማርክ ትልቀቅ፤ አበጀ ያስኮረጃትን ያስተምራት። እሱ ግን አንድም መልስ አይናገር፤ መጠየቅ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ይፈትኗት።»

ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ፈተናውን እኔ አወጣለሁ። ከወደቀች ግን ደንቡ በሦስታችሁም ላይ ይሠራል።»

እነዚያን ሦስት ሳምንታት አልረሳቸውም። አበጀ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተጠየቀውን ሳያዛንፍ በቃሉ ሲመልስ የኖረ ልጅ ነው፤ መልስ መዋጥ ከጾሙ ይልቅ ከበደው። ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ደጅ ተቀምጠው መሬቱ ላይ በእንጨት ይሥላሉ። ማሬ አንድ ነገር ስትል እሱ «በምን አወቅሽ?» ይላታል። ሌላ ትላለች፤ «በምን አወቅሽ?» አንድ ቀን እንጨቱን ወርውራ ተነሣች። «ዳቦዬን የበላ አፍ ዛሬ መጠየቅ ብቻ ሆነ ሥራው!» ብላ እያለቀሰች ሄደች። በማግስቱ ተመለሰች፤ ዳቦውንም ይዛ ነበር።

ሌሎቹንም በዚያው ሰሞን በየመልካቸው መመዘን ጀመርሁ። ወረቀት ላይ እጁ የሚተሳሰረውን በቃል ጠየቅሁት፤ አፍ የሌላትን ሥላ እንድታሳየኝ አደረግሁ። ክፍልፋይ አይገባኝም ያለውን ልጅ አንድ ድፎ ዳቦ ሰጥቼ፣ ለአራት ቆርጠህ የሦስቱን ሰው ድርሻ ለይልኝ አልሁት። እጁ ቅንጣት አልተሳሳተም። ማርኩን በዚያ ሰጠሁት፤ ከዳቦው ወደ ወረቀቱ ያመጣሁት ቀስ ብዬ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ወላጆች የግቢውን አጥር ሊሠሩ ዶማና አካፋ ይዘው የመጡበት ዓርብ ነበር፤ አያ ተገኘም ከመካከላቸው ናቸው። ጋሽ አስማረ በወረቀት ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጥቅልል ገመድና ሜትር ይዘው መጡ። ፈተና ማለት ወረቀት ነው ሲሉ የኖሩ ሰው! እኔም አልሳቅሁ፣ እሳቸውም አላዩኝ።

«የዚህን ግቢ ስፋት ፈልጊ» አሏት።

ግቢው አንድ ጥጉ የጎደለ ነው፤ እዚያ የሌላ ሰው ጎተራ ቆሞበታል። ማሬ ገመዱን ዘረጋች፣ ለካች፣ ግቢውን ለሁለት ከፍላ ደብተሯ ላይ አባዛች፣ ደመረች። ወላጆቹ ዶማቸውን ተደግፈው ያያሉ። አበጀ ዛፉን ይዞ ከንፈሩን ነክሷል።

«ጨረስሁ» ብላ ቁጥሩን ተናገረች።

ጋሽ አስማረ ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አውጥተው አዩ። ፊታቸውን ሳየው ገባኝ፤ ተሳስታለች። ወረቀቱን እያጠፉ ሳለ ማሬ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ደብተሯን ታያለች፣ ጥጉን ታያለች፣ እንደገና ደብተሯን። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ቆይ ጋሼ፣ ልክ አይደለሁም። ሁለቱ የተገናኙበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

ተመልሳ በገመዱ ለካች፤ ቀነሰች። ሁለተኛውን ቁጥር ስትናገር ጋሽ አስማረ ወረቀቱን እንደገና መግለጥ አላስፈለጋቸውም።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ‹በምን አወቅሽ› ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።»

ከሃያ ዐሥራ አራት ሰጧት። ስድስቱን መጀመሪያ «ጨረስሁ» ስላለች ቀነሱ። ዛሬ ብሆን እሟገታቸው ነበር፤ ራሷን ያረመችበት ከሁሉም ጥያቄ የበለጠ ማርክ ይገባዋል። ያን ጊዜ ግን ልጆቹ ተረፉ፣ እኔም ተረፍሁ፤ ለክርክር አቅም አልነበረኝም።

አያ ተገኘ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ዐሥራ አራት? ፊት ዐሥራ ዘጠኝ አምጥተሽ አልነበር?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ማሬ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው።

«ያ የአበጀ ነበር፣ አባየ። ይኸ የኔ ነው።»

አያ ተገኘ አበጀን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ዶማውን አወረዱና «የራስሽ ከሆነስ ሸጋ ነው» ብለው ወደ አጥሩ ተመለሱ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማሬ የምትቋጥረው ዳቦ ሁለት ሆነ፤ አንዱን አባቷ ናቸው ለአበጀ የሚልኩት።

ማሬ ዛሬ ደባርቅ በኩል ነርስ ናት። አበጀ መምህር ሆነ፤ ተማሪዎቹ ከኋላው «በምን አወቅህ» ብለው ይጠሩታል አሉ። ጋሽ አስማረ እስከ ጡረታቸው ፈተና ወረቀት ነው ማለታቸውን አልተውም፤ ገመዱን ግን ቢሯቸው ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለውት ነበር።

ሕይወት ስትሰማኝ ቆይታ ዐምሳ ስድስቱን ወረቀት ሰብስባ አስተካከለች።

«ታዲያ የኔዎቹ ለምን ይዋሻሉ?»

«ልጆቹ አንችን የት ያውቁሻል? ለመሆኑ አንች ያንችን ጽፈሽ አሳይተሻቸዋል?»

ሳይሞሉ ከተረፉት ቅጾች አንዱን መዘዘችና ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ብዕር ፈለገች። እኔ ሰሐኑን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ቶሎ እንዳልመለስ ሆን ብዬ ድስቱን ሁሉ አጠብሁ። ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እታለም፣ ስመ ክርስትናዬም ይጻፍ?»

«ደስ ካለሽ» አልኋት።

ስወጣ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ጠበቀችኝ። ዐይኗ ረጥቦ ነበር። ተቀብያት በመስኮቱ ብርሃን አነበብሁት፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ ቀኖናዋ ምን እንደሚሆን እስኪመሽ ስንመክር ቆየን። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዛ ክፍሏ ገብታለች። ምን እንደ ጻፈች ለተማሪዎቿ ትንገራቸው። እኔ ግን አልነግራችሁም።